እውነት መሆን ሌላ፣ መረጋገጥ ሌላ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። በሰርቪስ ስንመላለስ ሦስት ባልደረቦቼ ክርክር ያዙ። አንዱ ‹እውነት ማለት ብዙ ሰው የተስማማበት ነው› አለ። ሁለተኛዋ ‹በማስረጃ ያልተረጋገጠ ነገር እውነትም ሐሰትም አይደለም› አለች። ሦስተኛው ‹ሁሉም የየራሱ እውነት አለው› ብሎ ወሬውን ዘጋው። እኔ አንደኛ ዓመት ሎጂክ ስንማር ‹እውነት ከነገሩ ጋር መግጠም ነው› መባሉ ትዝ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ፈላስፎች ምን ይላሉ? የትኛውን ልያዝ?»

መልስ፦ ባልደረቦችዎ የተለያየ ነገር የተናገሩ ይመስላል እንጂ ስህተታቸው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ሁለት ጥያቄዎችን ደባልቀዋል። አንደኛው «ይህን አባባል እውነት የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚል ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ማስረጃ፣ የሰው ስምምነት፣ የግል እይታ ሁሉም ቦታ አላቸው። በአንደኛው ላይ ግን እንግዳ ናቸው።

ከራስዎ ሥራ እንነሳ። አንድ ጆንያ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ሚዛኑ 50 ኪሎ አሳየ፤ ቅጹ ላይ «50 ኪሎ» ተብሎ ተሞላ፤ ተቆጣጣሪው ፈረመ። ከሳምንት በኋላ ሚዛኑ ክብደቱ በታወቀ መፈተሻ ሲታይ 400 ግራም ጨምሮ የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። ጆንያው 49.6 ኪሎ ነበር ማለት ነው። ቅጹ ላይ የሰፈረው ቁጥር በዚያን ዕለት ማስረጃ ነበረው፤ ያየው ሁሉ ተስማምቶበታል፤ ቢሆንም ሐሰት ነበር። ልብ ይበሉ፣ «ሚዛኑ ሲፈተሽ ሐሰት ሆነ» አንልም። «ያን ዕለትም ሐሰት ነበር፤ ያወቅነው ዛሬ ነው» ነው የምንለው። «ተረጋገጠ» እና «እውነት ነው» አንድ ቢሆኑ ኖሮ «ሚዛኑ ተሳስቷል» የሚለው ንግግር ራሱ ትርጉም ባልኖረው ነበር። ካሊብሬሽን የሚባለው ሥራ (መሣሪያን በታወቀ ልክ መፈተሽ) የቆመው መሣሪያው ምንም ይበል ምን የጆንያው ክብደት ራሱን ችሎ አለ በሚል መነሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ባልደረባዎን ሐሳብ በራሱ ይፈትኑት። «ብዙ ሰው በዚህ ተስማምቷል» የሚለውም አንድ አባባል ነው። ታዲያ እሱ እውነት የሚሆነው በምንድን ነው? ብዙ ሰው በእርግጥ ከተስማማ ነው የሚል ከሆነ፣ ስምምነቱ ከአባባሉ ውጭ ያለ ነገር ሆነ፤ አባባሉም እውነት የሆነው ከዚያ ነገር ጋር በመግጠሙ ነው። አይደለም፣ ብዙ ሰው መስማማቱን ብዙ ሰው ሲስማማበት ነው ካለ ደግሞ መቆሚያ የለውም። ይህን ሲያነሱበት ግን ያለውን ነጥብ አይንፈጉት፤ በሰው ስምምነት ብቻ የቆሙ ነገሮች አሉ። አንድ ወረቀት 100 ብር መሆኑ፣ የባቲ ገበያ ሰኞ መዋሉ የስምምነት ውጤት ነው። ሰዎች ወደ ሐሙስ ቢያዞሩት የባቲ ገበያ ሐሙስ ይሆናል። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ከፍታ ግን ማንም ተስማምቶ አንድ ሜትር አይቀንሰውም። ስምምነት አንዳንድ ነገሮችን ሊፈጥር ይችላል። ከተፈጠሩ በኋላ ስለእነሱ የምንናገረው እውነት የሚሆነው ግን በባቲም በጦሳም በአንድ መንገድ ነው።

«የየራሱ እውነት» የሚለው ብዙ ጊዜ ያልተሟላ ዓረፍተ ነገር ነው። የኮምቦልቻ ሰው «ደሴ ቀዝቃዛ ናት» ይላል፤ ከዚያ በላይ ካለ ደጋ የመጣ «ኧረ ትሞቃለች» ይላል። እውነት ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ ላይ የጎደለውን ይሙሉት፦ «ደሴ ከኮምቦልቻ ትቀዘቅዛለች»። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ መካከል 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት መጠበቅ ይቻላል። ይህ ለኮምቦልቻው ሰውም ለደገኛውም አንድ ነው። የሙቀት ስሜታቸው ይለያያል፤ «እኔን ይበርደኛል» የሚለውም የሚናገረው ሰው በእርግጥ በርዶት እንደሆነ እውነት፣ ካልሆነ ሐሰት ነው። ከዚህ አልፎ «ማንም የሚያምነው ሁሉ ለእሱ እውነት ነው» የሚለውን የጥንታዊውን ግሪካዊ አሳቢ የፕሮታጎራስን ሐሳብ ፕላቶ ከ2,300 ዓመት በላይ አስቀድሞ መልሶታል፦ ፕሮታጎራስ ተሳስቷል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ የሁሉም እምነት እውነት ከሆነ የእነሱም እውነት ነው፤ ስለዚህ ፕሮታጎራስ ራሱ መሳሳቱን ሊቀበል ግድ ነው።

ወደ ንድፈ ሐሳቦቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መስተካከል አለበት፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው ምኑ ነው? ወረቀት ላይ የተጻፈው የፊደል ድርድር አይደለም። «ይህ በግ ይበላል» የሚለውን ይውሰዱ። ላልቶ ሲነበብ በጉ ሣር ይበላል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሥጋው ለመብል ይሆናል ማለት ነው። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የተባለው ሁለት ነው፤ አንዱ እውነት ሆኖ ሌላው ሐሰት ሊሆን ይችላል። በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሰሙ እውነት ሆኖ ወርቁ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና። «ዛሬ የባቲ ገበያ ነው» የሚለውም ሰኞ ሲነገር እውነት፣ ማክሰኞ ሲነገር ሐሰት ነው፤ እውነት ተለዋውጦ ግን አይደለም፣ የተባለው ነገር ራሱ ሌላ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ፍቺ እንደተናገረው መጀመሪያ ይቁረጡ። ከሰርቪስ ክርክሮች አብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል።

አሁን እርስዎ የሚያስታውሱት፣ ኮረስፖንደንስ የሚባለው ሐሳብ። መሠረቱ አርስቶትል በሜታፊዚክስ አራተኛ መጽሐፍ ያስቀመጠው ነው፦ ያለውን አለ፣ የሌለውንም የለም ማለት እውነት ነው፤ ያለውን የለም፣ የሌለውንም አለ ማለት ሐሰት ነው። አማርኛ ይህን ሐሳብ በአንድ ቃል ይዞታል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ሰው ያለው (ላልቶ) እና በዓለም ያለው (ጠብቆ) ሲገጥሙ እውነት ተነገረ። የግሪኩ ፈላስፋ የፈለገው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ቶማስ አኩዊናስ እውነትን የአእምሮና የነገሩ መስተካከል ብሎ ያዘው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርትራንድ ረስልና ሉድቪግ ቪትገንስታይን ግጥሚያው ከ«ሁነት» ጋር ነው ብለው አጠበቁት። ሁነት ሲሉ በግና ጆንያን አይደለም፤ በጉ መታመሙን፣ ጆንያው 49.6 ኪሎ መሆኑን ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። «ጦሳ ላይ አንበሳ የለም» እውነት ነው እንበል። ከየትኛው ሁነት ጋር ነው የሚገጥመው? ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያስሱት ድንጋይ፣ ዛፍ፣ አፈር ያገኛሉ፤ «የአንበሳ አለመኖር» የሚባል ነገር ግን አያገኙም። ረስል «አሉታዊ ሁነት አለ» ብሎ ሃርቫርድ ላይ ሲያስተምር ሁከት ሊያስነሳ እንደነበር ራሱ ጽፏል። የተሻለው መልስ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር እውነት ለማድረግ የተለየ ነገር መፈለግ አያስፈልግም የሚለው ነው፤ «አንበሳ አለ» የሚለውን እውነት የሚያደርግ ነገር መታጣቱ ብቻ ይበቃዋል። «ሁሉም» የሚሉ አባባሎች ግን እስከ ዛሬ ይፈትናሉ። «መጋዘን ውስጥ ያሉት ጆንያዎች ሁሉ ታሽገዋል» ሲባል የእያንዳንዱን ጆንያ መታሸግ ቢደምሩት አይበቃም፤ ሌላ ጆንያ አለመቅረቱም ይጨመራል። ቁጥሮችም ሌላ ችግር ናቸው፤ «7 ከራሱና ከ1 በቀር ለሌላ አይካፈልም» የሚለው የሚገጥመው የት ካለ ነገር ጋር እንደሆነ የሂሳብ ፈላስፎች አልተስማሙም።

ተደጋግሞ የሚነሳው ሌላ ተቃውሞ ግን ክብደት የለውም፦ «ከራሳችን አስተሳሰብ ወጥተን ሐሳባችንን ከዓለም ጋር ልናስተያይ አንችልም፤ ስለዚህ ግጥሚያ የለም» የሚለው። ይህ ተመልሶ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ጆንያውና ቁጥሩ ለመግጠም ወይም ላለመግጠም የእኛን ማስተያየት አይጠብቁም። ቁልፍ መቆለፊያውን የሚከፍት መሆኑ ማንም ሳይሞክረውም ተወስኖ አድሯል።

ሁለተኛው ወገን ኮሄረንስ ይባላል። አንድ አባባል እውነት የሚሆነው ከሌሎች እምነቶች ጋር እርስ በርሱ ሲደጋገፍ ነው ይላል፤ ሃሮልድ ጆአኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተሟግቶለታል። ጉዳቱን ለማየት ወደ ወሎ ታሪክ እንሂድ። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። አሁን ድል አድርገው ወደ ደሴ የተመለሱበትን ታሪክ ይጻፉ፤ አዋጁን፣ ሹመቱን፣ ከዚያ የተከተለውን ሁሉ አንዱ ከሌላው ሳይጋጭ ያሰናዱት። ልፋት ይጠይቃል እንጂ ይቻላል። ያ ታሪክ ውስጡ የተስማማ ይሆናል፤ እውነት ግን አይሆንም። ረስል በእንግሊዛዊ ጳጳስ ምሳሌ ያነሳው ተቃውሞ ይኸው ነው፤ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

ሆኖም ኮሄረንስ እንደ መፈተሻ የሚተካ የለውም። ንብረት ክፍል ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ተመዝግቦ፣ ከስቶክ ካርዱ ጋር የሚስተያየው ለዚህ ነው፤ ሦስቱ ከተጋጩ ቢያንስ አንዱ ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ሦስቱንም የሞላው አንድ እጅ ከሆነ ወረቀቶቹ እንደ ሰም ተጣብቀው መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ይችላል። ቆጠራ የሚደረገው ወረቀት ከወረቀት ጋር መስማማቱ ስለማይበቃ ነው። አለመስማማት ሐሰትን ያጋልጣል፤ መስማማት እውነትን አይሠራም። ይህችን አንድ ነጥብ ብቻ ይዘው ቢወጡ ጥያቄዎ ግማሹ ተመልሷል።

ሦስተኛው ወገን እውነትን ከምርመራና ከተግባር ውጤት ጋር የሚያያይዘው ፕራግማቲዝም ነው። እሱ ሲነሳ ሰው ብዙ ጊዜ «የሚጠቅም ሁሉ እውነት ነው» ይለዋል። ቻርልስ ፐርስ እ.ኤ.አ. በ1878 ያለው ሌላ ነው፦ እውነት ማለት የሚመረምሩ ሁሉ ምርመራውን በበቂ ቢገፉበት መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት እምነት ነው። ወደ ጥቅም የተጠጋው ዊሊያም ጄምስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1907፤ እሱም ቢሆን ጥቅም ሲል በረጅም ጊዜና በሁሉም በኩል ሲታይ ማለቱ ነበር። ያም ሆኖ ጠቃሚ ሐሰት አለ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ለሚነዱ ሾፌሮች ጉም ሳይኖር «ሐረጎ ላይ ዛሬ ጉም ወርዷል» ቢባል ቀስ ብለው ይነዱና አደጋ ሊቀንስ ይችላል። አባባሉ ጠቅሟል፤ ጉም ግን አልነበረም። ጥቅም የእውነት ምልክት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ነው፤ በትክክለኛ ካርታ የሄደ ይደርሳል። ምልክትን ከነገሩ ጋር ማምታታት ግን አይገባም።

ከሦስቱ ባልደረቦችዎ ከባዱን ሐሳብ የያዘችው ሁለተኛዋ ናት፤ ስለዚህ እሷ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ። ማይክል ደሜት የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የተሟገተው ለእሷ ቅርብ በሆነ መንገድ ነው። ሙግቱ በአጭሩ፦ የአንድን ዓረፍተ ነገር ፍቺ የምንማረው መቼ ልንለው እንደሚገባ በመማር ነው፤ ማንም በምንም መንገድ ሊደርስበት የማይችል «እውነትነት» ካለ፣ ያን ከየት ተምረነው ነው የምንረዳው? ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ተከትሎት የሚመጣውን ዋጋ ግን ትወቀው። «ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ካፍያ ጥሏል» የሚለውን ይውሰዱ። ያየ የለም፤ ሲነጋ መንገዱ ደርቋል። በእሷ አቋም መሠረት «ወይ ጥሏል ወይ አልጣለም» ማለት እንኳ አይፈቀድላትም። በዚህ መንገድ የጠፋ ማስረጃ ሁሉ ያለፈውን ጊዜ እየበሳ ይሄዳል። ያልተገኘ ሬሳ፣ የተቃጠለ መዝገብ፣ ምስክሩ የሞተበት በደል፣ ሁሉም «እውነትም ሐሰትም ያልሆነ» ይሆናል። ለተበደለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የጠነከረ የሎጂክ ችግርም አለ፤ ፍሬደሪክ ፊች እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው ነው። «እውነት የሆነ ሁሉ ሊታወቅ የሚችል ነው» እንበል። አሁን ይህን ይመልከቱ፦ «ካፍያ ጥሏል፤ ይህን ግን መቼም ማንም አያውቀውም»። ይህ ሙሉ አባባል እውነት ሊሆን ይችላል። ሊታወቅ ግን አይችልም፤ አንድ ሰው ያወቀው እንደሆነ ሁለተኛው ክፍል ወዲያው ሐሰት ይሆናልና። ስለዚህ እውነት ሁሉ ሊታወቅ ይችላል የሚል ሰው የሚቀረው ምርጫ አንድ ነው፤ እውነት ሁሉ በአንድ ወቅት በአንድ ሰው ዘንድ የታወቀ ወይም የሚታወቅ ነው ማለት። ይህን ደግሞ ማንም አይቀበለውም። የደሜት ተከታዮች የሎጂክ ሕጎችን በማስተካከል ለማምለጥ ሞክረዋል፤ በዕለት ተዕለት አስተሳሰብ ላይ የሚያስከፍለው ግን ከሚያተርፈው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ወገን ክርክሩን ራሱን ማሳነስ የሚፈልግ ነው፤ ዲፍሌሽኒዝም ይባላል። ፍራንክ ራምሴ እ.ኤ.አ. በ1927 «ጦሳ ላይ ጉም አለ የሚለው እውነት ነው» ማለት «ጦሳ ላይ ጉም አለ» ከማለት የተለየ ምንም አይጨምርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ታዲያ ቃሉ ለምን ያስፈልጋል? የተባለውን ሁሉ መዘርዘር በማንችልበት ጊዜ። «ምስክሩ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው» ለማለት ሌላ አጭር መንገድ የለም። የፖላንዱ አልፍሬድ ታርስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ለዚህ ጥብቅ መልክ ሰጠው፦ «ጦሳ ላይ ጉም አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው ጦሳ ላይ ጉም ካለ ነው፤ ካለ ብቻ። ይህ ባዶ ድግግሞሽ የሚመስለው በአንድ ቋንቋ ስለተጻፈ ነው። በጥቅስ ውስጥ ያለው ስለ ቃላት ነው፤ ከጥቅስ ውጭ ያለው ስለ ተራራው ነው።

ታርስኪን ያስጨነቀው የጥንቱ የውሸታሙ እንቆቅልሽ ነበር፦ «ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው»። እውነት ከሆነ ሐሰት ነው፤ ሐሰት ከሆነ እውነት ነው። የእሱ መፍትሔ አንድ ቋንቋ ስለራሱ እውነትነት እንዳይናገር መከልከል፣ ስለ ታችኛው በላይኛው ቋንቋ መናገር ነው። ለሂሳብ ይሠራል፤ አማርኛ ግን ስለራሱ ይናገራል፣ ማንም ሊከለክለው አይችልም። ሶል ክሪፕኪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው መንገድ ለተፈጥሮ ቋንቋ ይቀርባል፦ ስለ ዓለም ወደሚናገር መሬት ወርዶ የማያርፍ ዓረፍተ ነገር የእውነት ዋጋ አያገኝም፤ እውነትም ሐሰትም አይባልም ማለት ነው። ፍጹም መፍትሔ አይደለም፤ በሰርቪስ ውስጥ ሰው ይህን እንቆቅልሽ አንስቶ «እንግዲህ እውነት የለም» ቢልዎት ግን ከአንድ ጠማማ ዓረፍተ ነገር ተነስቶ ስለ ጆንያዎ ክብደት ምንም ሊደመድም እንደማይችል ይንገሩት።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የእውነትን ምንነት በተመለከተ የአርስቶትልን ዓረፍተ ነገር በታርስኪ መልክ ይያዙ፤ ሁነት ስለሚባለው ነገር ከዚያ በላይ ከባድ ፍልስፍና አይሸከሙ። ስምምነትን፣ ማስረጃን፣ ጥቅምን፣ የወረቀቶችን መደጋገፍ ሁሉ እንደ መሣሪያ ይጠቀሙባቸው፤ መሣሪያ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ይህ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ «ግፍ ክፉ ነው»፣ «ይህ ዜማ ያምራል» የመሳሰሉትን እውነት የሚያደርጋቸው ነገር እንደ ጆንያው ክብደት መሆኑ አከራካሪ ነው። ክሪስፒን ራይት እ.ኤ.አ. በ1992 እውነት በየመስኩ የተለያየ መልክ ሊኖረው ይችላል ያለው ለዚህ ነው። በእነዚህ ላይ ክፍት ሆኖ መቆየት ተገቢ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። በወሎ ንግግር «ሐቅ» እውነትም ነው፣ ድርሻም ነው። «ሐቄን ስጠኝ» የሚል ሰው የሚጠይቀው የሚገባውን ነው፤ «የምለው ሐቅ ነው» የሚል ደግሞ ስለ አባባሉ ነው። አንዱን ለሌላው ሲመልሱ ክርክሩ ይባላሻል፤ የሚገባው ነገር የተነፈገ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፣ የተናገረው ውስጥ ስህተት ስለተገኘም የሚገባው አይቀርበትም። ሌላው ውሸትና ስህተት ናቸው። በተሳሳተ ሚዛን 50 የጻፈ ሠራተኛ ሐሰት ጽፏል እንጂ አልዋሸም። ሚዛኑን ሳያይ 49.6 ብሎ የሞላ ደግሞ ዋሽቷል፤ ቁጥሩ በአጋጣሚ ትክክል ቢሆን እንኳ። በሥራ ቦታ የመጀመሪያውን «ውሸታም» ማለት ሰው ያስቀይማል፣ የሁለተኛውንም ጥፋት ይሸፍናል።

ቅጹን በተመለከተ፣ «50 ኪሎ ነው» የሚለው በጥብቅ ከተወሰደ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሐሰት ነው፤ 49.97 የሆነ ጆንያ 50 አይደለም። የሚፈቀደው ልዩነት አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለምሳሌ «50 ኪሎ፣ 200 ግራም ቢበዛ ወይም ቢያንስ»። ያኔ አባባሉ እውነት የሚሆንበትና የማይሆንበት ወሰን ከመመዘኑ በፊት ይታወቃል። ከዚያ በሁለት መስመር ለይተው ይሙሉ፦ በአንዱ ሚዛኑ ያሳየውን ከነመለያ ቁጥሩና መጨረሻ ከተፈተሸበት ቀን ጋር፣ በሌላው ከዚያ ተነስታችሁ ስለ ጆንያው የደመደማችሁትን። ሚዛኑ ነገ ተሳስቶ ቢገኝ የመጀመሪያው መስመር እውነት እንደሆነ ይቆያል፤ የሚታረመው ሁለተኛው ብቻ ነው።